አጠገብህ ማን ነበር?

ልጆቼ፣ አራት ኪሎ የምትማሩም የምትሠሩም ብዙ ናችሁ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አፍንጫችሁ ሥር ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ ግቢው ጎራ በሉ። በኮሪያ ጦርነት የወደቁ የቃኘው ወታደሮች እዚያ አርፈዋል።

ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ፣ ከንጉሡ ጠባቂዎች፣ ተውጣጥቶ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ከኮሚኒስቶቹ ሰሜን ኮሪያና ቻይና ጋር የተዋጋ ጦር ነበር። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ኮሪያ ወረደ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተማረከ ግን አንድም የለም።

ከነዚያ ዘማቾች አንዱ ማሞ ሀብተወልድ ነው። ያኔ ምክትል መቶ አለቃ ነበር፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ፣ የእናንተ እኩያ። በግንቦት 1945 ዓ.ም.፣ ተኩስ አቁሙ ሊፈረም ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ለቅኝት ወጡ። አሥራ አምስት ናቸው፤ አንዱ አሜሪካዊ ነው። ወደ 300 የሚጠጋ የቻይና ጦር ከበባቸው። ሬዲዮናቸው ተመታ። ከወገን ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ጠፋ። አሜሪካዊውን ጨምሮ አራቱ ሞቱ፣ የቀሩት በሙሉ ቆሰሉ። እጅ ግን አልሰጡም።

ማሞ ከአሜሪካ ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ከአገሩም ከፍተኛውን የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለመ። ይገባዋል። የአሥራ አራቱን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህን የማነሳው በሥራዬ ምክንያት ነው። ጡረታ እስክወጣ መሐንዲስ ነበርኩ፤ ብዙ ወጣት ለቅጥር ጠይቄያለሁ። ሲቪው ላይ «ድልድይ ሠራሁ» ይላል። «ጎበዝ! አጠገብህ ማን ነበር?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ግራ ይገባውና «ያው፣ ቲሙ» ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ፊቱ ይበራል። ቀያሹን፣ ፎርማኑን፣ ብረት አሳሪውን በስም ይጠራል። አንዷ ልጅማ የዘበኛውን ስም ሳይቀር ነገረችኝ፤ ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ ደውሎ የቀሰቀሳት እሱ ነበር። እንዲህ ያሉትን ለመቅጠር አላመነታም ነበር። ውጤታቸውን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

እና ሲቪያችሁን ስትጽፉ «መራሁ» ከማለታችሁ በፊት እነማንን እንደመራችሁ አስቡ። ስማቸው ካልመጣላችሁ፣ ነገ ጠዋት ሳይታችሁ ላይ ጠይቋቸው። ነውር የለውም።

የኮሪያ ዘማቾች ዛሬ ጥቂት ቀርተዋል። በደርግ ዘመን፣ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግታችኋል ተብለው ፊት የተነሱ ናቸው። አፍንጮ በር መታሰቢያቸው አለ። ከመካከላቸው አንዱን የማግኘት ዕድል ከገጠማችሁ ሜዳሊያውን አይታችሁ ፎቶ ለመነሳት አትቸኩሉ። ቁጭ በሉና «አባባ፣ አጠገብዎ ማን ነበር?» በሏቸው።