ማዘርቦርድ ተቀይሮ ዊንዶውስ «አክቲቬት» አልሆን ሲል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የላፕቶፕሽ ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ቦርድ) ተቃጠለ። ባለሙያው ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የወጣ ቦርድ ገጠመልሽ። ይኸው አሁን ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አልጠፋ አለ። ሱቁ ደግሞ «ወይ አዲስ ላይሰንስ ግዢ፣ ወይ በክራክ እንጨርስልሽ» አለሽ። ላይሰንስ ማለት የዊንዶውስ መጠቀሚያ ፈቃድ ነው፣ ክራክ ደግሞ ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን አታልሎ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም። ሁለቱንም ለጊዜው አታድርጊ።

ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህን ችግር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያ አትደንግጪ። ፋይልሽ የትም አልሄደም። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ሥራ ያሠራል፣ የደኅንነት አፕዴትም ይወስዳል። የሚከለክልሽ ከሴቲንግ ገብቶ ዎልፔፐርና ቀለም መቀየርን የመሰለውን ነው። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፣ ማንም አያጣድፍሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይሰንሱን የሚይዙት በማሽኑ ዕቃዎች አሻራ ነው። አሻራው ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ራም ብትጨምሪ ምንም አይልም። ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ኤስኤስዲ ብታስገቢና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ብትጭኚው እንኳ፣ ያው ኤዲሽን (ሆም ወይም ፕሮ የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት) እስከሆነ ድረስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ማሽኑን እንደ ሌላ ኮምፒውተር ያየዋል።

ሱቁ ያልነገረሽ ነገር አለ። ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ ላይሰንስ ኦኢኤም ይባላል፣ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው። ቦርዱን ለማሻሻል ብለሽ ብትቀይሪው ላይሰንሱ ያበቃል። ተበላሽቶ ከሆነ ግን የማይክሮሶፍት ደንብ ሌላ ነው። የተበላሸው ቦርድ በተመሳሳይ ሞዴል ወይም አምራቹ ተመጣጣኝ ባለው ከተተካ አዲስ ላይሰንስ መግዛት አይጠበቅብሽም። ያንቺ ቦርድ ተቃጥሎ ነው የተቀየረው። መብትሽን ይዘሽ ነው የምትጠይቂው።

ታዲያ መብት ካለ ለምን እምቢ ይላል? የታናሽ ወንድሜን ላፕቶፕ ታሪክ ልንገርሽ፣ ካንቺ ጋር ይመሳሰላል። ላፕቶፑን የላከችለት ሜሪላንድ ያለችው አክስታችን ናት። መብራት አቃጠለውና ቦርዱ ተቀየረ። ስንከፍተው ገና ዊንዶውስ ሳይገባ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ አምጡ አለን። ዲስኩ ተቆልፎ መኖሩን ማናችንም አናውቅም ነበር። ለካ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ብዙ ላፕቶፕ ዲስኩን ራሱ ይቆልፋል። ቁልፉ ደግሞ የተቀመጠው አክስታችን አካውንት ላይ ነው፣ ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተችው እሷ ስለሆነች። ደወልን። እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ እዚያ ገና ጠዋት። አካውንቷን ከፍታ ስክሪናችን ላይ ያለውን የቁልፍ መለያ አካውንቷ ላይ ካለው ጋር አስተያየች። ከዚያ 48ቱን አሃዝ ስድስት ስድስት እያደረገች በስልክ አነበበችልን። ወንድሜ እየደገመ ይጽፋል። አምስተኛው ስድስት ላይ ተሳሳትንና ከመጀመሪያው ጀመርን። በመጨረሻ ሲከፈት ወንድሜ የኮሌጅ ሥራው በሙሉ እዚያ ውስጥ ስለነበር ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አክቲቬሽኑ ግን አሁንም እምቢ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ዊንዶውስ 8 ከወጣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የላፕቶፕ አምራቾች የዊንዶውሱን የላይሰንስ ቁልፍ (ከቢትሎከሩ ቁልፍ የተለየ ነው) ቦርዱ ላይ ነው የሚጽፉት። የተገዛው ቦርድ ላይ ያለው ቁልፍ የሆም ነው፣ የወንድሜ ዊንዶውስ ደግሞ ፕሮ። አይገጥሙም። እኔ ብዙ ጊዜ ያጋጠመኝ ይኸው ነው፣ ያንቺም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ፕሮውን አክስታችን ከማይክሮሶፍት ስቶር ራሷ የገዛችው ስለነበር አካውንቷ ላይ ተመዝግቧል። በእሷ አካውንት ገብተን የአክቲቬሽን ገጹ ላይ «ትራብልሹት» (ችግሩን ፈልገህ ፍታ) አልነው፣ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን መስመር መረጥን። የመሣሪያዎቿ ዝርዝር ወጣ። ሦስቱም «ዴስክቶፕ» ብለው የሚጀምሩ፣ ከኋላቸው ዝብርቅርቅ ፊደል ያለባቸው ናቸው። የትኛው የኛ እንደሆነ መለየት አቃተን። ሁለተኛው ላይ ሠራ።

አሁን ወዳንቺ። የዊንዶውስና የአር ቁልፍን አንድ ላይ ተጭነሽ «ኤስኤልኤምጂአር»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ «ዲኤልአይ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል (slmgr /dli) ጻፊና ኢንተር በዪ። ትንሽ ቆይቶ መስኮት ይመጣል። ኤዲሽኑ ሆም (እዚያ «ኮር» ተብሎ ነው የሚጻፈው) ይሁን ፕሮ እዚያው ታዪዋለሽ። «ቮሊዩም» (ለድርጅቶች በጅምላ የሚሸጥ ላይሰንስ) የሚል ቃል ካየሽና ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ ግን፣ የተጫነልሽ ዊንዶውስ ድሮውንም ትክክለኛ ላይሰንስ ሳይኖረው አይቀርም፣ ምናልባት አንድ ሰው በክራክ ጭኖልሻል። ይህን ማወቁ ያሳዝናል፣ ግን የሌለ ላይሰንስ ስትፈልጊ ከመዋል ይሻላል።

ቀጥሎ ቦርዱን የሸጠልሽን ሰው የወጣበት ላፕቶፕ ሆም ነበር ወይስ ፕሮ ብለሽ ጠይቂው። ሆም ከሆነና ያንቺ ፕሮ ከሆነ፣ ፕሮውም አካውንትሽ ላይ ካልተመዘገበ፣ ፋይልሽን ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ሆም ጫኚ። ለተማሪና ለቢሮ ሥራ ሆም በቂ ነው። ቁልፉን ከቦርዱ ራሱ አንብቦ አክቲቬት ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ ላፕቶፑ የ11ን መስፈርት (ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ጨምሮ) ካሟላ በዚያው 11ን ጫኚ፣ ላይሰንሱ ይሸጋገራል።

ኤዲሽኑ ተመሳስሎም እምቢ ካለ በአድሚን አካውንት ሆነሽ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ውስጥ ግቢና እኛ ያደረግነውን ትራብልሹት ሞክሪ። ላፕቶፑን የላከልሽ ዘመድ ካለ በእሱ አካውንት ሞክሩት። ይህም ካልሆነ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ሰጪዎችን አናግሪ። ቦርዱ ተቃጥሎ መተካቱን ንገሪያቸው፣ የጥገናውን ደረሰኝ ያዢ።

ስለ ክራኩ አንድ ነገር ልበል። ሲጭኑልሽ መጀመሪያ የሚሉሽ «አንቲቫይረሱን አጥፊው» ነው። እኔ ያየሁት አንድ ቢሮ እንዲህ አጥፍቶ የሂሳብ ፋይሉ በሙሉ በቫይረስ ተቆልፎበት የሦስት ዓመት ሥራ አጥቷል። ቴሌግራም ላይ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠውን ቁልፍም አትግዢ። ማይክሮሶፍት ሆምን 139 ዶላር እየሸጠ፣ በዚያ ዋጋ የሚመጣው ቁልፍ ከየት እንደመጣ አስቢ። ከወራት በኋላ ሲዘጋ ሻጩንም አታገኚውም።

ላፕቶፓችሁን ልታስጠግኑ ያሰባችሁ ሌሎቻችሁ፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በማይክሮሶፍት አካውንት ግቡበት፣ የሚታወቅ ስም ስጡት፣ የቢትሎከሩን ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጡት።

እህቴ፣ የ«ዲኤልአይ»ውን መስኮት ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቢትሎከር ከጠየቀሽ ግን 48ቱን አሃዝ ማንም ቢጠይቅሽ እዚህ እንዳትጽፊው።