ሩሲያኛሽ ፕራግ ላይ ያበላሻል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምረሻል። አሁን ልጅሽ ፕራግ ስለሆነች እሷ ጋ ሦስት ወር ልትከርሚ ነው። «እንደ ሩሲያኛና ቼክኛ ያሉ የስላቭ ቋንቋዎች ቃላቸው አንድ ነው ይሉኛል፤ የድሮው ሩሲያኛዬ ቼክ አገር ይሠራልኝ ይሆን?» ነው ያልሽው። አንቺ ልበልሽ፣ የአንድ ዘመን ሰዎች ሳንሆን አንቀርም። እኔም በ1977 ዓ.ም. የሩሲያዋ ቮሮኔዥ ከተማ ፖድፋክ፣ የውጭ ተማሪ መጀመሪያ ቋንቋ የሚማርበት መሰናዶ፣ የገባሁ ነኝ። ኋላ ሥራ ፕራግ ወስዶኝ ስድስት ዓመት ኖሬባታለሁ።

አጭሩ መልስ፦ ያበላሻልም፣ ያበላሻልም። አንዱን ከመብላት፣ ሌላውን ከመበላሸት አንብቢው።

ፕራግ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ «ቼርስትቪ ኽሌብ» የሚል ተለጥፏል። ኽሌብ ዳቦ ነው፣ ይሄን ታውቂያለሽ። ግን በሩሲያኛ «ቾርስትቪ» ማለት ያደረ፣ የደረቀ ማለት ነው። «እንዴት ያለ ሐቀኛ ሕዝብ ነው! ያደረ መሆኑን ጽፎ ይሸጣል» አልኩና አለፍኩ። ሌላ ዳቦ ቤት ሄድኩ። እዚያም ቼርስትቪ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ተስፋ ቆርጬ ያደረውንም ቢሆን ልግዛ ብዬ ስገባ፣ ዳቦው ገና ከምድጃ የወጣ፣ እጅ የሚያቃጥል። ለካ በቼክኛ ቼርስትቪ ማለት ትኩስ ማለት ነው!

ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የጥንቱ ቃል ትርጉም «ጠንካራ» ነበር። ሩሲያዎቹ ጥንካሬውን ዳቦው ላይ አዩትና የደረቀ አሉ። ቼኮቹ ከጠንካራ ወደ ብርቱ፣ ከብርቱ ወደ ትኩስ ሄዱ። የአንድ አባት ልጆች ናቸው፣ ግን ተኮራርፈዋል።

በዚያው ሳምንት ደግሞ «ፖዞር!» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው አየሁ። ግንባታ ያለበት አጥር ላይ፣ ውሻ ያለበት በር ላይ። ሩሲያኛ ለተማረ ሰው ፖዞር ውርደት ነው፣ ነውር ነው። ውሻ ማሳደር ምኑ ነውር ነው? በቼክኛ ግን «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ሥሩ ማየት፣ መመልከት የሚለው ነው። ቼኮቹ «ተመልከት፣ ልብ በል» በሚለው ያዙት። በሩሲያኛም ድሮ ሰው ተሰብስቦ የሚያየው ትርኢት ማለት ነበር፤ አገር ያየው ነገር እያደር ውርደት ሆነ። «ጉዱ ታየ» ለምንል ሰዎች ይሄ አይከብደንም።

እና ከእነዚህ ዓመታት የቀረልኝ ምንድን ነው ካልሽ፣ ድምፁን ማመን፣ ትርጉሙን ግን ሳይጠይቁ አለመቀበል ነው። የድምፁ ለውጥ ሕግ አለው። አንዴ ከያዝሽው በመቶ የሚቆጠር ቃል ይከፍትልሻል። አጻጻፉን ብቻ እዪ። ሩሲያኛ ላሟን ኮሮቫ ይላል፣ ቼክኛ ክራቫ። ቁራ ቮሮና፣ ቭራና። ወርቅ ዞሎቶ፣ ዝላቶ። ሩሲያኛ ሁለት «ኦ» ባለበት ቦታ ቼክኛ አንድ «አ» ብቻ ያስቀራል። ወተት ትንሽ ያፈነግጣል፣ ሞሎኮ ምሌኮ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን አይጠፋሽም። ሌላው «ገ» ነው። ሩሲያ «ገ» ያለበትን ቼኮች «ሀ» ይሉታል። ተራራ ጎራ፣ ሆራ። እግር ኖጋ፣ ኖሃ። ዩክሬን የተማሩ ጓደኞቻችን ይሄን ከመጀመሪያውም ለምደውታል፣ ዩክሬንኛም «ሀ» ነው የሚለው።

አሁን ሁለቱን ሕግ ደምሪና ጎሮድን ውሰጂ፣ ከተማ ማለት ነው። ሁለቱን «ኦ» ጥለሽ አንድ «አ» አስቀሪ፣ «ገ»ን «ሀ» አድርጊ። ህራድ ይሆናል። ፕራግ ስትደርሺ ልጅሽ መጀመሪያ የምትወስድሽ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት፣ ስሙ ህራድ ነው። ከተማ ሳይሆን ምሽግ፣ ቤተ መንግሥት ማለት ነው እዚያ። ጥንት በአጥር የተከበበ ቦታ ማለት ስለነበር ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሰርቦች ቤልግሬድም ይኸው ቃል ነው፣ ነጭ ከተማ። የሩሲያዋን ኖቭጎሮድ እንኳ ተይው። ፖድፋክ እያለን አንድ የመርካቶ ልጅ «አዲስ ከተማ ነው እኮ! የኛ ሰፈር!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎናል።

«ታዲያ ሌኒንግራድ ለምን ሌኒንጎሮድ አልተባለም?» ብለሽ ልትጠይቂ ትችያለሽ። እኔም ጠይቄ ነበር። ግራድ ከቤተ ክርስቲያን ስላቮኒክ የመጣ ነው። ይሄ ቋንቋ ለሩሲያኛ ግዕዝ ለአማርኛ እንደሆነው ነው። ከፍ ያለ፣ የከበረ ነገር ሲፈልጉ ከዚያ ይወስዳሉ። ሰው ትከሻ ላይ ያለው ጭንቅላት ጎሎቫ ነው፤ የመጽሐፍ ምዕራፍና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ግላቫ። አስተማሪያችን ይሄን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀች። እኛ ኢትዮጵያውያኑ ግን ወዲያው ገባን። ራስና ርእስ ነዋ! አንዱ አንገት ላይ፣ ሌላው ጽሑፍ አናት ላይ።

ቀናቱ ላይ ግን የኛው ግዕዝ ጉድ አደረገኝ። ቮሮኔዥ የመጀመሪያው ክረምት ጥርሴን አሞኝ ክሊኒክ ለ«ቼትቬርግ» ቀጠሮ ተሰጠኝ። ቃሉ ውስጥ አራት የሚለው ቁጥር አለ። አራተኛው ቀን ብዬ ቆጠርኩ። አራተኛው ቀን ደግሞ ረቡዕ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ረቡዕ በበረዶ ሄጄ ደረስኩ። መዝገቡን ያየችው ሴትዮ «ነገ!» ብላ መለሰችኝ። እነሱ ከሰኞ ይጀምራሉ፣ እኛ ከእሑድ። የነሱ አራተኛ የኛ ሐሙስ ነው። ፒያትኒትሳ፣ ማለትም አምስተኛ የሚሉት ደግሞ ዓርብ። ቼክኛም ያው ነው፣ ችትቭርቴክ እና ፓቴክ። አንድ ቀን መጨመር እንዳትረሺ። ቅዳሜ ላይ ብቻ ነው የምንታረቀው። የሩሲያው ሱቦታም የቼኩ ሶቦታም ከኛ ሰንበት ጋር አንድ ሥር አላቸው፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከዕብራይስጡ ሻባት የመጡ ናቸው።

እሑድስ? ቼክኛ ኔዴሌ ይላል፣ «የማይሠራበት» ማለት ነው። ሩሲያኛም ድሮ እንደዚያው ነበር። ኋላ እሑድን ቮስክሬሴኒዬ፣ ትንሣኤ አሉትና ኔዴሊያ ለሳምንቱ በሙሉ ቀረ። ፓኔዴልኒክ፣ ሰኞ ማለት፣ «ከኔዴሊያ በኋላ ያለው» የሚሆነው ለዚህ ነው። አሮጌው ትርጉም ሰኞ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። የፕራግ ጎረቤቴ ለ«ኔዴሌ» ምሳ ስትጠራኝ በሳምንቱ መስሎኝ ቀርቻለሁ። እስከምወጣ ድረስ ደግማ አልጠራችኝም።

ሰዓትም ተጠንቀቂ። በሩሲያኛ ጎድ ዓመት ነው፣ የሰርቦች ጎዲናም ዓመት ነው። የቼክ ሆዲና ግን አንድ ሰዓት ነው። የቧንቧ ሠራተኛ «በሆዲና እመጣለሁ» ቢልሽ አትደንግጪ። (ዓመት ሆኖ ቢቀርም ብዙ የሚያስገርም አይደለም።)

የወር ስሞች ላይ ሩሲያኛ ምንም አይጠቅምሽም። ሩሲያዎች የላቲኑን ይዘዋል፣ ቼኮች የራሳቸውን። ጥር አካባቢ ሌዴን ነው፣ የበረዶው ወር። ኅዳር አካባቢ ሊስቶፓድ፣ ቅጠል የሚረግፍበት። ይኸው ሊስቶፓድ ክሮኤሺያ ውስጥ ኦክቶበር ነው። እዚያ ቅጠሉ ይቸኩላል መሰለኝ።

ኽሌብ ራሱ የስላቮች ልጅ አይደለም፣ ከጥንት ጀርመኖች የተዋሱት ነው። የእንግሊዝኛው «ሎፍ» ወንድሙ ነው። ብራት፣ ሴስትራ፣ ሲን፣ ኖስ (ወንድም፣ እህት፣ ወንድ ልጅ፣ አፍንጫ) ግን ብድር አይደሉም። እንግሊዝኛው ብራዘር፣ ሲስተር፣ ሳን፣ ኖዝ ሲል ያው የአንድ ቅድመ አያት ውርስ ነው። ከኛ ጋር የሚገናኙትም አሉ፣ በንግድና በመንግሥት በኩል የዞሩ። የሩሲያ ንጉሥ የሚጠራበት ጻር ቄሳር ነው። ሳኻር የኛው ስኳር ነው፣ የቼኩ ጹክርም እንደዚያው፤ ሁሉም መነሻቸው ሳንስክሪት ነው፣ በየራሳቸው መንገድ የመጡ። ቡልጋሪያ የተማሩት «ቴፍቴር» የሚሉትን ያውቁታል፣ በቱርክ በኩል የገባ የኛው ደብተር ነው።

ከሁሉ የምወደው ስፓሲቦ ነው። «ስፓሲ ቦግ» ነበር፣ እግዜር ያድንህ። ይሄንን የሚረዳው እግዜር ይስጥልኝ የሚል ሰው ነው። ግን ፕራግ ላይ አትጠቀሚበት። እነሱ ዴኩዪ ነው የሚሉት፣ ከጀርመንኛ የወሰዱት። ሌላም ምክንያት አለ። በዕድሜ የገፉት ቼኮች ሩሲያኛ በግዴታ ተምረውታል፣ ስትናገሪ ይሰሙሻል። ብዙዎቹ ግን በ1968 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ታንክ አገራቸው ሲገባ አይተዋል። እኔ ሱቅ ገብቼ በሩሲያኛ ስጀምር ፊታቸው ሲዘጋ አይቻለሁ። «ዶብሪ ዴን»፣ ማለትም «መልካም ቀን» ብለሽ ጀምሪ፤ ሩሲያኛውም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከዚያ የቀረውን በምልክት ትጨርሺዋለሽ።

ልጅሽ ጓደኞቿን ቤት መጥራቷ አይቀርም፣ አንቺም ዶሮ ወጥ መሥራትሽ አይቀርም። ቀምሰው «ኡዣስኔ!» ቢሉሽ፣ ሩሲያኛሽ «አስቀያሚ ነው» ብሎ ይተረጉምልሻል። ሳህኑን እንዳታነሺባቸው። «ድንቅ ነው» ማለታቸው ነው፤ ጨምሪላቸው።