ስለ ቃታ አሳሳብ ጠይቁኝ

ለጀማሪዎች የስፖርት ተኩስ አሠለጥናለሁ። የምሰማው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቃታ ላይ ነው የሚያርፈው። የመጡልኝን ልመልስ።

በደንብ አነጣጥራለሁ፤ ጥይቱ ግን ሁሌ ወደ ግራ ታች ነው የሚሄደው። ሽጉጡ ይሆን?

በቀኝ እጅህ ነው የምትተኩሰው አይደል? እንግዲያው ሽጉጡን ተወው። ድምፁንና ሽጉጡ ሲተኩስ ወደ ኋላ የሚገፋህን ግፊት ቀድመህ እየጠበቅክ ነው። ቃታው ሊለቅ ሲል የእጅህ አንጓ ወደ ታች ይጫናል፤ ሌሎቹ ጣቶችህም አብረው ይጨብጣሉ። ካላመንከኝ ጓደኛህ ሳታይ ካዝናው ውስጥ ባሩድ የሌለው፣ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ይቀላቅልልህ። የልምምዷ ላይ ስትደርስ ድምፅ የለም፤ አፈሙዙ ግን ሲደፋ በዓይንህ ታየዋለህ። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን አፍሬ መሬት መሬት ነበር ያየሁት።

ጣቴን የት ላሳርፍ?

በጣትህ ጫፍ ሥጋማ ክፍል፣ መሃሉ ላይ። ቃታው ከባድ ከሆነ ትንሽ ጠለቅ አድርገው። ብቻ ቃታው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይምጣ።

"ቀስ ብለሽ ሳቢ" ይሉኛል፤ ቀስ ስል ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እህቴ፣ መወዛወዝ የሌለው ሰው የለም። ጉዳቱ ማነጣጠሪያው መሃል ላይ ሲያልፍ "አሁን!" ብሎ ቃታውን መንጠቅ ነው። ስሌቱን እይው። ክንድሽ ከነሽጉጡ አቅጣጫውን ሳይቀይር 1 ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢሄድ፣ ኢላማው ላይም የሚስተው 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው 16 ሳንቲሜትር ተራርቀው የፊተኛው ብቻ በ1 ሚሊሜትር ከተዛነፈ ግን፣ 10 ሜትር ላይ ከ6 ሳንቲሜትር በላይ ይስታል። መንጠቅ የሚያመጣው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ የቃታውን የላላ ጉዞ ጨርሺ፣ ጠጠር ሲልሽ ሳትቆሚ ግፊቱን ጨምሪ፤ መቼ እንደሚለቅ አትገምቺ። ከቆየብሽና ዓይንሽ ከደከመ ክንድሽን አውርደሽ እንደ አዲስ ጀምሪ። ማውረድ ሽንፈት አይደለም።

ቃታውን ባስቀልለውስ?

ለጀማሪ አልመክርም፤ ሳታስበው ሊተኩስብህ ይችላል። በዓለም አቀፍ ውድድርም በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ቃታው ቢያንስ 500 ግራም፣ በ25 ሜትር ሽጉጥ 1000 ግራም ክብደት ሳይለቅ መሸከም አለበት።

ያለ ጥይት ቃታ መሳብ መሣሪያውን ይጎዳል?

አብዛኞቹን ዘመናዊ ሽጉጦች አይጎዳም። በትንሿ ባለ .22 ጥይት የሚሠሩት ግን ጥይቱን የሚመታው መርፌያቸው ብረት ሊመታ ስለሚችል የልምምድ ጥይት ጨምርባቸው። ካዝናውን አውጣ፣ ውስጡን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ እውነተኛ ጥይት የምትለማመድበት ክፍል ውስጥ አይኑር፤ አፈሙዙም ወደ ሰው አይዙር። ከዚያ የፊት ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጥና ሳብ። ሳንቲሙ ከወደቀ የነጠቅከው አንተ ነህ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

እንደተኮስኩ ጣቴን ላንሳ?

ቶሎ አታንሳ። ቃታውን እንደሳብክ ያዘውና ማነጣጠሪያው የት እንደተመለሰ እይ። ከዚያ ቃታው ለሚቀጥለው ተኩስ ተዘጋጅቶ "ቀጭ" እስኪል ብቻ ልቀቀው። ተኩሱን ከጨረስክ ግን ጣት ከቃታ ውጪ፣ ቀጥ ብሎ በሽጉጡ ጎን።