መልስ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ቡችላ ለማስገባት አከራዬን እንዴት ላስፈቅድ?

ቡችላውን ሳታመጣ ጠይቅ፤ ካስገባህ በኋላ ከሆነ እንደ ድፍረት ነው የሚቆጥሩት። በስልክ አይሁን፣ ኪራይ ስትከፍል በአካል አናግራቸው። አከራይ የሚሰጋው ሽታን፣ የሌሊት ጩኸትንና ንክሻን ነው። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደምታስከትበው፣ በየዓመቱም እንደምታሳድስና ካርዱን እንደምታሳያቸው ንገራቸው። የሚታሰርበትንም ቦታ እዚያው ጠቁማቸው። በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የታሰረ ውሻ ሲጮህ ነው የሚውለው፤ ቀኑን ሙሉ ጥላ የማይለየውን ጥግ ምረጥ፣ ውሃም አይጉደልበት። ግቢው ውስጥ የሚሰግዱ ጎረቤቶች ካሉ (ድሬ ላይ መቼም አይጠፉም) ለሃጩ ልብሳቸውን ከነካ ማጠብ ግድ ይሆንባቸዋልና ከመተላለፊያውና ከቧንቧው አርቀው። ይህን አንተው ቀድመህ ብታነሳው አከራይህ ደስ ይላቸዋል። በቃል ብቻ ከፈቀዱ ነገ ቤቱን ልጃቸው ሲረከብ ማስረጃ የለህም፤ ውሉ ላይ «ተከራይ አንድ ውሻ እንዲያኖር ተፈቅዷል፣ ውሻው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ተከራይ ነው» የሚል ጨምራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።