ዝቅተኛዎቹን ስታወጣ እኩል የሆኑትን እንዳትጥል

«ከሰንጠረዡ ዝቅተኛ ምርት ያላቸውን 10 አባወራዎች በፓንዳስ (በፓይተን የሰንጠረዥ መሥሪያ) ላወጣ ብዬ ሶርት አድርጌ (በቅደም ተከተል ደርድሬ) ሄድ (የላይኞቹን አምጣ) ስለው የተሳሳተ ያመጣብኛል» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም ደብረ ብርሃን ሆኜ ይህንኑ ሠርቻለሁና ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ዓምዱ ቁጥር መሆኑን እይ። ከመንዝ ቀበሌዎች የመጣልኝ ሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዥ በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበት) አንዳንዱ ሕዋስ ላይ «8 ኩንታል» ተብሎ ተጽፎበት ስለነበር ዓምዱ በሙሉ ጽሑፍ ሆነ። ጽሑፍ ሲሆን ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ስለሚያወዳድር 12 ከ8 ቀድሞ ይሰለፋል። ያንተም ችግር ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ዝም ብለህ በ«ቱ ኒውመሪክ» (ወደ ቁጥር በሚቀይረው ትእዛዝ) ኤረርሱን «ኮኧርስ» (ያልተቀየረውን ባዶ አድርገው) ብትለው ደግሞ «8 ኩንታል» ባዶ ይሆንና ሰውየው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ቀድመህ «ኩንታል» የሚለውን ቃል አጥፋ፣ ከዚያ ወደ ቁጥር ቀይረው።

2. ከዚያ «ኤንስሞለስት» (ዝቅተኛዎቹን የሚያወጣ ትእዛዝ) በለው፤ 10ን እና የዓምዱን ስም ስጠው። እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። «ኪፕ» የሚለውን (እኩል ከሆኑት የትኛው ይያዝ የሚለውን ምርጫ) ካልነካኸው «ፈርስት» (የመጀመሪያው) ነው፤ እኩል የሆኑት ሲበዙበት በሰንጠረዡ ቀድሞ የተጻፈውን ይይዝና ሌላውን ይጥላል። የእኔ 10ኛ ቦታ ላይ 6 ኩንታል ያገኙ ሦስት ቤቶች ነበሩ። አንዱ ገባ፣ ሁለቱ ወደቁ። ዝርዝሩ የገብስ ዘር መስጫ ነበር!

ከወደቁት አንዷ እናት ቢሮ ድረስ መጡ። ሠራተኛው ቀና እንኳ ሳይል «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው፣ ሂጂ» አላቸው። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት! ጥጉ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ተነሥቼ ስህተቱ የኔ ነው ስል፣ «ማኅተም ካረፈበት በኋላ ምን ትላለህ» ብሎ ጮኸብኝ። «ኪፕ»ን «ኦል» (ሁሉንም ያዝ) አድርጌ ብሠራው 12 ሰው ወጣ። «በጀቱ የ10 ነው» ተባልኩ። ቢሮ ለቢሮ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ፤ አልተውኩም፣ 12ቱም ጸደቁ። ግን ዘሩ እጃቸው ሲገባ ሰኔ አልፎ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አሁን ዝርዝር ከማስረከቤ በፊት 10ኛውንና 11ኛውን ጎን ለጎን አያለሁ። እኩል ከሆኑ ኃላፊው በጽሑፍ ይወስን እላለሁ፤ ኮዱ እንዲወስን አልተውም።

3. ለየቀበሌው ከሆነ የምትፈልገው፣ ግሩፕባይ አድርገህ (በቀበሌ ከፋፍለህ) የምርቱን ዓምድ ብቻ ይዘህ «ኤንስሞለስት» በል፤ እዚያም «ኪፕ» አለው። 0 የተሞላበት ካየህ ደግሞ ቀበሌው ጋ ደውል፤ እኛ ጋ ያልተለካውን ሁሉ 0 ብለው ሞልተውት አገኘሁ፣ ዝቅተኛ ተብለው ፊት የወጡት እነሱ ነበሩ። ኮድህን እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።