«እንደውልልሃለን» አሉት፤ እሱም ጠበቀ

«ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ በጥሩ ውጤት ተመርቋል። ሐኪም ኦቲዝም እንዳለው፣ ግን ‹ከፍተኛ አቅም› ካላቸው ወገን እንደሆነ ነግሮናል። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል በካሸርነት ተቀጥሮ በሦስተኛው ሳምንት ተባረረ። ሥራ አስኪያጁን እንግዳ ፊት ‹ሂሳብህ ተሳስቷል› ብሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ኢንተርቪው በገባ ቁጥር ይወድቃል። አብሬው ገብቼ የመለስኩለትም ጊዜ አለ። እናታችን ‹እንጀራ ጋግሬ አስተምሬው እንዴት አንድ ሥራ ያቅተዋል› እያለች ታለቅሳለች። እኔም በእሱ ምክንያት ሠርጌን ሁለቴ አራዘምኩ። እጮኛዬ ጎንደር ነው። ምን ላድርግ?»
ት.፣ ከባሕር ዳር

እህቴ ት.፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልቤን የነካው በአንድ መስመር ጽፈሽ ያለፍሽው ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «እንደውልልሃለን» ብሎት ወንድምሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን ከእጁ አልለየም። መታጠቢያ ቤት እንኳ ይዞት ይገባ ነበር።

እኛ «እንደውልልሃለን» ስንባል ገና ከበሩ ሳንወጣ ይገባናል። «እስቲ እናያለን»፣ «ሰሞኑን ብቅ በል»፤ ይሉኝታ ይዞን በእነዚህ ቃላት እንሸኛኛለን። እሱ ግን ቃሉን እንደተነገረው ይይዘዋል። ሰነፍ አይደለም፤ ኩሩም አይደለም። ኦቲዝም ከአእምሮ የመጀመሪያ ዕድገት ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ ሁኔታ ነው። እናትሽ ያጎደሉበት ነገር የለም፤ ይህን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። ጠበል ሊወስዱት ቢፈልጉም እሱ ወዶ ከሄደ አልቃወምም።

«ከፍተኛ አቅም» የሚለው ስም ግን ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። ሰውዬው ጥሩ ስለሚናገርና ስለተማረ የሚሰጠው ስም እንጂ ራሱን የቻለ የምርመራ ውጤት አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ሲሻሻል ኦቲዝምን በሦስት ደረጃ ከፈለው። ቀላል የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? «ድጋፍ የሚያስፈልገው»። ቀላሉ እንኳ! ስለዚህ ዲግሪ ይዞ ሥራ ላይ መቸገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች በአደባባይ ማውራት ጀምረናል። ልጆቹ ግን ያድጋሉ፤ 27 ዓመት ይሞላቸዋል። ያኔ ማን እንደሚያግዛቸው በቅጡ አላሰብንበትም። ይህ ሁልጊዜ ያመኛል።

ወደ ሥራው ልምጣ። ኢንተርቪው ለእሱ የሂሳብ ፈተና ሳይሆን የጨዋታ ፈተና ነው። «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ከየት ይጀምር? እናንተ ከተማ ደግሞ ሥራ በሰው በሰው ነው የሚገኘው። ለብዙዎች ይህ በደል ነው፤ ለወንድምሽ ግን በር ሊሆን ይችላል። ሱቅ ወይም የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉ። «ቅጠርልን» አትበሉ። «ሁለት ሳምንት ደረሰኞችህን ያስተካክልልህ፤ ሥራውን አይተህ ወስን» በሉት። የሠራበት ግን ይከፈለው።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ፤ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አለቃው «ቶሎ ጨርስና ና» ሲለው «በስንት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። አለቃው ለወራት ያሾፈበት ይመስለው ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ካርቶን ላይ በማርከር «ይህን እስከ 4 ሰዓት፣ ያንን እስከ 9 ሰዓት» ብሎ ይጽፍለታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጁ እዚያው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ወንድምሽም ሆቴሉ ውስጥ ያጣው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሂሳቡን ባነሳው ጊዜ «ስህተት ስታገኝ ቢሮ መጥተህ ለብቻዬ ንገረኝ» የሚለው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬም እዚያ በሆነ። ለሚቀጥለው አሠሪ ይህንኑ ቀድማችሁ ንገሩት።

ለመንግሥት ወይም ለትልቅ ድርጅት ካመለከተ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለላችሁ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው። ስሙ «አካል» ቢልም የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። አሠሪው አመቺ የሥራ ሁኔታ የመፍጠር ኃላፊነት አለበት። የሐኪሙን ማስረጃ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። በየጠዋቱ ከጊዮርጊስ ጀምሮ በሐይቁ ዳር በእግሩ እንደሚሄድ ጽፈሻል። ያንን ከተወ፣ ምግብና እንቅልፍም ካስጠላው ግን ሳትዘገዩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ እሱ ራሱ ምን እንደሚፈልግ አንድም ቦታ አላገኘሁም። እናትሽ አሉ፣ አንቺ አለሽ፣ ሐኪሙ አለ። እሱ የለም። ኢንተርቪው ላይ ስትመልሺለትም ከፍቅር ነው፤ ቀጣሪዎቹ ግን ያዩት አንቺን ነው። ስለዚህ ጠይቂው። ፊት ለፊት ካስጨነቀው ከጎን ክፍል ሆነሽ በቴሌግራም ጻፊለት። ምን ዓይነት ሥራ ይፈልጋል? ምን ይረብሸዋል፣ ጄኔሬተር ነው፣ የሰው ብዛት ነው? ኦቲዝም እንዳለው ለአሠሪው ይነገር ወይስ አይነገር? ይህን የሚወስነው እሱ ነው። መልሱ ሁለት ቀን ቢፈጅም አትነዝንዢው።

ሠርግሽን ሁለቴ ማራዘምሽን ያውቃል? ማንም ካልነገረው ላያውቅ ይችላል። ምናልባት ሐሳብሽን ከፊትሽ ገጽታ እንዲረዳ እየጠበቅሽ ነው። አትጠብቂ፤ ንገሪው። ከእጮኛሽ ጋር ቀን ቁረጡና ካላንደሩ ላይ አክብቡት። አንቺ ስትሄጂ ቤት ውስጥ ምን እንደሚቀየር፣ ምን እንደማይቀየር በወረቀት ጻፊለት። እሱን የሚያስጨንቀው ድንገት የሚመጣ ለውጥ ነው። ጎንደር ሆነሽ «እደውልልሃለሁ» ስትዪው ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሪበት፤ በዚያች ሰዓትም ደውዪለት።