ቅጠሉን ወርቃማ ከመቀባታችሁ በፊት

ሰላም ልጆች። የእጅ ሥራ ስሠራና ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ስለዚህ ትንሽ ብነዘንዛችሁ ቻሉኝ። የሠራችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ቅጠሉም፣ ጠጠሩም፣ ጭራሮውም፣ አሮጌው ቁልፍም ወርቃማ ስፕሬይ ተነፍቶበታል። ታዲያ ቅጠል መሆኑ ምን ጠቀመ? ካርቶን ቆርጣችሁ ብትቀቡት ያው አይደል እንዴ?

ያገኛችሁት ነገር የራሱ መልክ አለው፤ አትሸፍኑት ነው የምለው። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሮጌ ብስክሌት ኮርቻና መሪ አገጣጠመ። ኮርቻው የበሬ ፊት፣ መሪው ቀንድ ሆነ። በቃ፣ ሁለት ዕቃ። ደስ የሚለኝ በሬው መጥቶ ብስክሌቱ አለመጥፋቱ ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይታያሉ። ኤል አናትሱይንም ተመልከቱ። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራ ቀራፂ ነው፤ የተጣሉ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን እየጠፈጠፈና እያጠፈ፣ በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ ሙሉ የሚሸፍን ሥራ ያወጣል። ከሩቅ ስታዩት ጨርቅ ነው። ጠጋ ስትሉ ክዳኑ ላይ የተጻፈው የመጠጥ ስም ሳይቀር ይነበባል።

ከተፈጥሮ የምትለቅሙት ደግሞ ጠባይ አለው። ጠባዩን ያላወቀ በከንቱ ይለፋል። ያ ቅርፊት በቅርፊት የሆነው የጥድ ፍሬ እርጥበት ሲያገኝ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል፤ ከዛፉ ወድቆም ቢሆን። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ለቅማችሁ ወዲያው ሙጫ ካደረጋችሁበት፣ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ተከፍቶ የለጠፋችሁትን ሁሉ ያፈናቅልባችኋል። ቅጠል ከሆነ ውኃ በሚመጥ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ወረቀቱን እየቀየራችሁ ሁለት ሳምንት ያህል ታገሡ።

እንጨት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ በሱ ነው። እርጥብ ግንድ ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ጠርዝ ከሚኮማተረው ይበልጣል። ክብ ቁራጩ ከመሃሉ ወደ ዳር የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው እንጂ እናንተ ስላበላሻችሁት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ስንጥቁን በሙጫ ትደፍኑታላችሁ። እኔ ብሆን እተወዋለሁ፣ እንዲያውም ሥራውን ከሱ እጀምራለሁ። ሸክላም ላይ የተሳሳተ ወሬ አለ። ምድጃ ውስጥ ሲፈነዳ ሁሉም «አየር ገብቶበት ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ውኃ ነው። በደንብ ያልደረቀው ጭቃ ውስጥ የቀረው ውኃ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ሥራውን ይሰብረዋል። ወፈር ያለ ነገር ከሠራችሁ ለማድረቅ አትቸኩሉ።

«ጊዜው አለፈብኝ» የምትሉኝ የሃያ ዓመት ልጆች ደግሞ ታስቁኛላችሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሜሪ ዴላኒ የምትባል እንግሊዛዊት ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ ጥቁር ወረቀት ላይ እየለጠፈች አበባ መሥራት የጀመረችው በ72 ዓመቷ ገደማ ነው። ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ወደ 1000 የሚጠጋ ሠራች፤ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ዕድሜዋ ብቻ አይደለም የሚገርመኝ። ፊቷ የምታስቀምጠው እውነተኛውን አበባ ነበር።

እናንተ ፊታችሁ የምታስቀምጡት ስልክ ነው። ስልክ ላይ ያያችሁትን ስትኮርጁ ሌላ ሰው አይቶ፣ መርጦ፣ ወስኖ የጨረሰውን ነው የምትደግሙት። ለመለማመድ ከሆነ ይሁን፣ እኔም አልከለክልም። ግን አንድ እውነተኛ ቅጠል ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ጅማቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእርሳስ ሞክሩት። ፎቶው ላይ ያላያችሁትን ታገኛላችሁ፤ ትሉ የበላው ቀዳዳ ሳይቀር ሥራ ይሆናል።

ስትለቅሙ የወደቀውን አንሱ፣ የወፍ ጎጆ አትንኩ። የደረቀ አበባ ያለበትን ሥራ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ ቀለሙ ይለቃል። ደግሞ እባካችሁ ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ከምን እንደሠራችሁትና የተጠቀማችሁበትን ሙጫ ጻፉ። አንድ ቀን ሲላቀቅ የሚጠግነው ሰው፣ ምናልባትም እናንተው፣ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።